በዕድሜ የገፋች ዓይን አፋር ድመት ከመጠለያ ሲያመጡ

ዕድሜዋ ከ10 ዓመት ያለፈ ድመት ከእንስሳት መጠለያ ወደ ቤትዎ ሲያመጡ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት አልጋ ሥር ተደብቃ ብታሳልፍ አይደንግጡ። ጎትተው አያውጧት፤ ስትፈራ ትቧጭራለች፣ ትነክሳለች። ጸጥ ባለ አንድ ክፍል ውስጥ ምግብ፣ ውኃ፣ የምትጸዳዳበት አሸዋ እና የምትደበቅበት ካርቶን ያዘጋጁላት (ካርቶኑ አሮጌ ቢሆን ግድ የላትም)። መገጣጠሚያዋን የሚያማት ከሆነ የአሸዋው ዕቃ ጠርዙ ዝቅ ያለ ይሁን።

የሚያሳስበው መደበቋ ሳይሆን አለመብላቷ ነው። ድመት፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ ለጥቂት ቀናት ምግብ ካልቀመሰች ጉበቷ በስብ ሊሞላና ሕይወቷ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ 24 ሰዓት ሙሉ ካልበላች «ትለምደዋለች» ብለው አይጠብቁ፤ ለእንስሳት ሐኪም ይደውሉ። ብዙ ውኃ መጠጣት፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት ወይም እየበሉ መክሳት የኩላሊት፣ የስኳር ወይም የእንቅርት ዕጢ ሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ እርጅና ነው ብለው አይለፉት። አሟት ቢመስልዎም የሰው ማስታገሻ አይስጧት፤ ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል።

ነፍሰ ጡር ከሆኑ አሸዋውን ሌላ ሰው በየቀኑ ያጽዳ፤ ከድመት ዓይነ ምድር የሚተላለፈው ቶክሶፕላዝማ የተባለ ተሕዋስ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። ከነከሰችዎ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ ይጠቡ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መውሰዷን የሚያሳየውን ወረቀት ይዘው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።