ቃታ ከመሳብ በፊት

አምቦ ላይ ጠበቃ ነኝ። ከጉደርም፣ ከጌዶም፣ ከግንጪም የሚመጡ ሰዎች ዘወትር የሚያነሱት ጥያቄ አለ፦ «ሌሊት ወንበዴ በሬን ሰብሮ ቢገባ ብተኩስ እታሰራለሁ?»

መልሱ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ላይ ነው። ጥቃቱ ሕገ ወጥ፣ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ ከሆነ፣ በሌላ መንገድ ሊመለስ ካልቻለ፣ መከላከሉም ከአደጋው ጋር ከተመጣጠነ አያስቀጣም። ችሎት ላይ የሚያከራክረን «የተመጣጠነ» የሚለው ነው። የሸሸን ሌባ አሳድዶ ከኋላ መምታት በእኔ አስተያየት በቀል እንጂ መከላከል አይደለም። በድንጋጤ ከልኩ ላለፈ ሰው ግን አንቀጽ 79 ያስብለታል፤ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊያቀል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ሊተው ይችላል።

ሰዋችን ጠብመንጃ ያከብራል፤ ሥልጠና ይንቃል። «አባቴ አልሞ ተኳሽ ነበር» የሚለኝ ስንቱ ነው! በዚሁ በአምቦ መንገድ ላይ ባለችው ሆለታ በ1927 ዓ.ም. የስዊድን መኮንኖች የሚያስተምሩበት የጦር ትምህርት ቤት የተከፈተው ጀግና ጠፍቶ አልነበረም። አፈሙዝን ወደ ሰው አለማዞር፣ ለመተኮስ ሳይወስኑ ጣትን ከቃታ ማራቅ፣ በጨለማ የመጣውን ሳይለዩ አለመተኮስ በልምምድ የሚገኙ ናቸው። በር የሚያንኳኳው የገዛ ልጅዎ ሊሆን ይችላል።

በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያ ለመያዝ ፈቃድ ያስፈልጋል። ራስዎን በትክክል ቢከላከሉም፣ ፈቃድ የሌለው ጠብመንጃ ለብቻው ያስከስሳል። እንግዲህ ቤትዎ መሣሪያ ካለ፣ ወንበዴው ሳይመጣ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ፈቃዱን ይጨርሱ።