ርካሹ ማሽን ዋጋውን የሚያስከፍለው የት ነው?

አሜሪካ ያለች አክስታችሁ ልትመጣ ነው እንበል። ደውላ «ፕሌይስቴሽን 5 ሁለት ዓይነት አለ አሉኝ፤ አንዱ ከሌላው ይረክሳል። የቱን ልግዛ?» ትላለች። ቶሎ ብላችሁ «ርካሹን!» እንዳትሉ። መጀመሪያ ሒሳቡን አብረን እንየው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ 2006 እንመለስ። ሶኒ ፕሌይስቴሽን 3ን ለገበያ ሲያቀርብ አይሰፕላይ የተባለ የጥናት ድርጅት ማሽኑን ፈታትቶ የየክፍሉን ዋጋ ደመረ። ባለ 60 ጊጋባይቱን ለመሥራት 840 ዶላር ገደማ ይፈጃል ሲልም ገመተ። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው ግን በ599 ዶላር ነበር። በአንድ ማሽን 240 ዶላር ገደማ ኪሳራ! ታዲያ ሶኒ ምን ነካው?

ምንም አልነካውም። ፕሪንተርን አስቡ። ማሽኑ ብዙም ውድ አይደለም፤ ቀለሙ ግን ባለቀ ቁጥር ይገዛል፤ ትርፉም ያለው እዚያ ነው። ጌም ማጫወቻም እንደዚያው ነው። ጌሙን የሠራው ሌላ ኩባንያ ቢሆን እንኳ ከሽያጩ ላይ የማሽኑ ባለቤት ድርሻ ይወስዳል። በኢንተርኔት መደብሮቹ ይህ ድርሻ አብዛኛውን ጊዜ 30 በመቶ ነው። በዚህ ስሌት ከ60 ዶላር ጌም 18 ዶላር ያገኛል። ስለዚህ 14 ጌም የገዛ ደንበኛ የ240 ዶላሩን ኪሳራ ሸፈነ ማለት ነው።

ይህ ስሌት የሚሠራው ግን ገዢው ጌም ከገዛ ብቻ ነው። በ2010 የአሜሪካ አየር ኃይል ተመራማሪዎች ከ1,700 በላይ ፕሌይስቴሽን 3 አገናኝተው ሱፐር ኮምፒውተር ሠሩ። ለእነሱ ርካሽ የስሌት ማሽን ነበር። ለሶኒ ግን አንድም ጌም የማይገዛ ደንበኛ!

«ታዲያ ለምን ዋጋውን ከፍ አያደርጉም?» ትሉ ይሆናል። ተፎካካሪ አለቻ! በግንቦት 1995 ሎስ አንጀለስ በተካሄደው ኢ3 ዐውደ ርዕይ ላይ ሴጋ ሳተርን የተባለውን ማሽኑን በ399 ዶላር እንደሚሸጥ አሳወቀ። በዚያው ቀን የሶኒው ስቲቭ ሬስ መድረክ ላይ ወጣና «299» ብሎ ወረደ። በቃ፣ ንግግሩ ይኸው ነበር። ተጫዋቾች ብዙ ጌም ወዳለበት ይሄዳሉ፤ ጌም ሠሪዎችም ብዙ ተጫዋች ወዳለበት። አንዴ ወደኋላ የቀረ ከዚህ አዙሪት መውጣት ይከብደዋል። ሴጋ በ2001 ማሽን መሥራቱን አቁሞ ለሌሎች ማሽኖች ጌም ወደ መሥራት ዞረ።

መሐንዲሶችም ኪሳራውን ይቀንሳሉ። የፕሌይስቴሽን 3 ዋና ቺፕ መጀመሪያ የተሠራው በ90 ናኖሜትር ቴክኖሎጂ ነበር። በ2009 የወጣው ቀጭኑ ሞዴል ደግሞ በ45 ናኖሜትር የተሠራ ቺፕ ይዞ መጣ። የቺፑ ስፋት ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። ቺፕ ሲያንስ ከአንድ የሲሊከን ዝርግ ብዙ ቺፕ ይወጣል። የሚፈጀው ኤሌክትሪክና የሚያመነጨው ሙቀትም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ማቀዝቀዣውም ኃይል ሰጪውም ያንሳሉ። የዚያ ቀጭን ሞዴል ዋጋ 299 ዶላር ነበር። ዋጋ ሲቀንስ ስታዩ ሁልጊዜ የነጋዴ ደግነት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከኋላው የመሐንዲስ ሥራ አለ።

አሁን ወደ አክስታችሁ ጥያቄ። ፕሌይስቴሽን 5 በ2020 ሲወጣ ባለ ዲስኩ 499፣ ዲስክ አልባው 399 ዶላር ነበር። ዋና ቺፓቸው አንድ ነው። ልዩነቱ፣ የ2020ውን ርካሽ ሞዴል የያዘ ሰው ያገለገለ ዲስክ መግዛት፣ ከጓደኛ መዋስ፣ ጨርሶ መሸጥ አይችልም። ጌም የሚያገኘው ከአንድ መደብር ብቻ ነው፤ የመደብሩ ባለቤት ደግሞ ማሽኑን የሠራው ኩባንያ ነው። ያገለገለ ዲስክ ከመደብሩ በ20 ዶላር ቢረክስላችሁ፣ በአምስት ጌም ያ የ2020ው የ100 ዶላር ቅናሽ አለቀ ማለት ነው። ጌም የምታወርዱበት ኢንተርኔትስ? እሱም ወጪ ነው።

በዓመት አንድ ጌም ብቻ የሚበቃው ሰው ርካሹን ቢመርጥ አልተሳሳተም። እናንተስ? በሦስት ዓመት ውስጥ ስንት ጌም እንደምትገዙና ከየት እንደምታገኙት ወረቀት ላይ ጻፉ። የማሽኑን ዋጋ ደምሩበት። ለአክስታችሁ የምትመልሱት ከዚያ በኋላ ነው።