ከውጭ የሚቆለፍ በር

የፍሬዳ ማክፋደንን «ዘ ሃውስሜድ» ጀምሮ ያልጨረሰ ሰው ይህን ጽሑፍ ለሌላ ቀን ቢያቆየው ይሻለዋል፤ መጨረሻውን ሳልናገር የምለውን ማለት አልችልም። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2022 ወጣ፣ በብዙ ቋንቋ ተተረጎመ፣ ፊልምም ተሠራበት። ያነበቡት ሰዎች አጥብቀው የሚያወሩት መሃል ላይ ታሪኩ እንዴት እንደሚገለበጥ ነው። ማን ደግ፣ ማን ክፉ እንደሆነ በአንድ ጊዜ ይዘዋወራል፣ አንባቢው ይደነግጣል፣ ይኸው ነው ወሬው። እኔ የምከራከረው ግን ደራሲዋ ምንም አልደበቀችንም ብዬ ነው። ምስጢሩን በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ፊት ለፊት አስቀምጣዋለች፤ እኛ የሰዎቹን ጠባይ ስንመረምር በሩን ሳናየው አለፍን። ይህን በር ደግሞ ወገል ጤና ወይም ላሊበላ ተቀምጦ የሚያነብ ሰው ከኒውዮርክ አንባቢ ቀድሞ ሊያየው የሚገባ ይመስለኛል።

ሚሊ አሥር ዓመት ታስራ በአመክሮ የተፈታች፣ ቤት አጥታ መኪናዋ ውስጥ የምታድር ሴት ናት። ኒና ዊንቸስተር የምትባል ባለጠጋ እዚያው እያደረች እንድትሠራ ትቀጥራታለች። የምታድርባት ክፍል ጣሪያ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ መስኮቷ አይከፈትም፣ የበሩ መቆለፊያ ያለው በውጭ በኩል ነው፣ በሩ ደግሞ ከውስጥ ተቧጭሯል። ለምን ከውጭ? ድሮ ዕቃ ማስቀመጫ ስለነበረ ነው ይባላል፣ ጉዳዩም ያልፋል። ከዚያ በኋላ ዓይናችን ኒና ላይ ነው። ትጮኻለች፣ ቤቱን ታተራምሳለች፣ ራሷ ያዘዘችውን አላዘዝኩም ትላለች። ባሏ አንድሩ ግን ረጋ ያለ፣ ታጋሽ፣ ለሠራተኛዋም የሚያዝን ሰው ነው። አንባቢው የመጽሐፉን ግማሽ ያህል ይህ ምስኪን ከዚህች ሴት መቼ ይገላገል ይሆን እያለ ይዘልቀዋል። ሲገላገል ደግሞ ሚሊ በሚስቲቱ ቦታ ትገባለች፣ ብዙም ሳይቆይ ያነበበቻቸውን መጻሕፍት አላነሳሽም ተብላ በሩ ይቆለፍባታል። የቆለፈው አንድሩ ነው። ሚስቱንም ለዓመታት እዚያችው ክፍል እየዘጋ ሲቀጣት፣ በሰው ፊት እብድ ሲያስመስላት ኖሯል።

ይህ ማጭበርበር ነው የሚሉ አሉ። ደራሲዋ ሚሊን ተራኪ አድርጋ፣ የኒናን ሐሳብ ሸሽጋ፣ መረጃውን ለመሃሉ አቆየችው ይላሉ። አልስማማም። ከውጭ የሚቆለፍ የሰው መኝታ ቤት ከዚህ በላይ ምን ይንገረን? መረጃው ነበረ፤ የጎደለው ጥርጣሬያችን ወደ ትክክለኛው ሰው መዞሩ ነው። ጥርጣሬ ደግሞ የለመደው መንገድ አለው። መጀመሪያ ሠራተኛዋን ይይዛል፣ እስረኛ ነበረችና። ቀጥሎ እመቤቲቱን ይይዛል፣ ትጮኻለችና። የቤቱ ባለቤት፣ ቁልፉ በኪሱ ያለው ሰው፣ መጨረሻ ላይ ነው የሚታሰበው። ዳፍኒ ዱ ሞሪዬ እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመችው «ሬቤካ»ም ቤቱን በፍርሃት የምትሞላው የሠራተኞቹ አለቃ ናት፤ ሚስቱን የገደለው ግን ጌታዬው ነው። የእኛም ልማድ ከዚህ አይርቅም። አዲስ አበባ ደላላ ሠራተኛ ሲያመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ተያዥ ነው። ስለ ልጅቷ ሰው ይፈርማል፣ መታወቂያዋ ይያዛል። ስለ ቤቱ፣ ሌሊት እዚያ ስለሚሆነው ነገር ለልጅቷ የሚፈርምላት የለም።

በቤት ውስጥ ያለ አደጋ ማንን ቀድሞ እንደሚያገኝ የላስታ ሰው ከማንም በፊት ያውቃል። በገድለ ላሊበላ እንደሚተረከው ንጉሥ ከመሆኑ በፊት ላሊበላን በመርዝ ሊያስወግዱት ያሰቡት ሩቅ ጠላቶች አይደሉም፤ የገዛ እኅቱ ናት መርዙን ያቀረበችው። ታሪኩን ስንሰማ ልባችን ከእሱ ጋር ሦስት ቀን ወደ ሰማይ ይወጣል፣ አብያተ ክርስቲያናቱን ያያል፣ ይመለሳል። ጽዋውን ቀድሞ ቀምሶ የሞተው አገልጋዩ ዲያቆን ነው። ላሊበላ ራሱ ስለ እሱ አዝኖ የቀረውን እንደጠጣ ገድሉ ይናገራልና ትረካው ዲያቆኑን አልረሳውም፤ የምንረሳው እኛ ነን። በየመኳንንቱ ቤት አሳላፊው ጠጁን በመዳፉ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ አያቀርብም ነበር። ክብር ይመስላል። ሥራው ግን በዘመዳሞች መካከል ያለውን ክፋት በራሱ ሆድ መሞከር ነው።

አንድ ጠንከር ያለ ተቃውሞ አለ። አንድሩ ሚስቱንም ሠራተኛዋንም እኩል አሠቃይቷል፤ ስለዚህ ይህ ስለ ጨካኝ ባል የተጻፈ ነው፣ የሠራተኛና የአሠሪን ጉዳይ አንተ ነህ የጫንክበት ሊባል ይችላል። ለመልሱ ኒና ከዚያ ቤት እንዴት እንደወጣች እንመልከት። ብዙ ገንዘብና ዘመድ የሌላት፣ ብትጠፋ የሚፈልጋት የማይገኝ፣ መልኳ ባሏን የሚስብ ሴት መርጣ ቀጠረች፤ የሚሊን የእስር ታሪክም አስቀድማ አጣርታ ታውቅ ነበር። እብድ መስላ ባሏን ወደ ሠራተኛዋ ገፋችው፣ እሷ በፊት በር ወጣች፣ ሚሊ በክፍሉ ቀረች። በኋላ ተጸጽታ ትመለሳለች፣ ደራሲዋም ይቅር ትላታለች። እኔም ልፈርድባት አልቸኩልም። ነገር ግን የታሪኩ ሞተር ይኸው መተካካት ነው። ተበዳይ የሆነችው እመቤት ነፃ የወጣችው ከእሷ የባሰ ደሃ በቦታዋ ስላገኘች ነው። ሚሊ ቤትና ሥራ ቢኖራት ኖሮ ያን በር ባየች ቀን ጥላ ትሄድ ነበር፣ ልብ ወለዱም እዚያው ያልቅ ነበር።

ከወሎ ወደ ጅዳ፣ ወደ ቤይሩት፣ ወደ ኩዌት የሄዱ ልጆች ታሪክ መጽሐፉን ለእኛ አንባቢ በሌላ መንገድ ያስነብበዋል። በካፋላ ሥርዓት የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ በአሠሪዋ እጅ ነው፤ ሳታስፈቅድ ከቤት ብትወጣ ሕገ ወጥ ትሆናለች። እዚያ በሩን የሚቆልፍ ሰው የአንድሩ ዓይነት በሽተኛ መሆን አያስፈልገውም። በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ ደግሞ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን በመኪና አምጥተው ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። የቆለፈውም ያባረረውም ያው ቁልፍ ነው። በአገር ቤትስ? እንደ ልጃቸው አሳድገው፣ አስተምረው፣ የሚድሩ ቤተሰቦች አሉ፤ ይህን የሚክድ ሐሰተኛ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም እዚያው ለምታድር ሠራተኛ ማደሪያዋን፣ ምግቧን፣ ዕረፍቷን አሠሪው እንዲያስብ ያዛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎትን ከራሱ ውጭ አድርጎ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይተወዋል። ስለዚህ ደግ ቤት የገባች ደግ ታገኛለች፣ ክፉ ቤት የገባች ክፉ፤ ልዩነቱን የሚወስነው የአሠሪው ጠባይ ብቻ ነው። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው፤ ጠባዩን ስናይ በሩን አላየነውም።

ለመዝናኛ የተጻፈን መጽሐፍ ይህን ያህል ማስጨነቅ አይበዛም ወይ የሚል ካለ፣ ማክፋደን ልብ በማንጠልጠል የተካነች መሆኗን እመሰክራለሁ፤ ምዕራፎቿ አጫጭር ናቸው፣ ማታ የጀመረ ሰው እንቅልፍ ያጣል። ነገር ግን ያለ እብድ ባልም ልብ ማንጠልጠል ይቻላል። ኡስማን ሴምቤን እ.ኤ.አ. በ1966 በሠራው «ላ ኑዋር ደ» ፊልም ዲዋና የምትባል የዳካር ልጅ ፈረንሳይ አንቲብ ትሄዳለች። አሠሪዎቿ ተራ ሰዎች ናቸው፤ ማንም አይደበድባትም፣ የሚገለበጥ ምስጢርም የለም። ከኩሽና ወደ መኝታ ክፍል፣ ከመኝታ ክፍል ወደ ኩሽና ስትመላለስ የሚያይ ሰው ግን ትንፋሹ ይቆረጣል፣ መጨረሻዋም ሞት ነው። ማክፋደን ይህን መንገድ አልመረጠችም። ሚሊ አንድሩን መልሳ ቆልፋበት፣ ጥርሱን በገዛ እጁ አስነቅላ፣ በውኃ ጥም ትገድለዋለች። መርማሪው ፖሊስም የገዛ ልጁ ቀድሞ የአንድሩ እጮኛ ስለነበረች ነገሩን እያወቀ አዳፍኖ ያልፈዋል።

ይህ ፍጻሜ አንጀት ያርሳል፣ አልክድም። ከመጽሐፉ ሁሉ ደካማው ክፍል ግን እሱ ነው። ፍትሕ የተገኘው መርማሪው በአጋጣሚ የአንዷ ተጎጂ አባት ሆኖ በመገኘቱ ነው፤ ሌላ ፖሊስ ቢመጣ ሚሊ ወደ እስር ቤት ትመለስ ነበር። ሰውዬው ሞተ፣ ሚሊም እንደ ድሮዋ የሰው ቤት ሥራ ፈላጊ ናት፤ በኒና አቅራቢነት ወደ ሌላ የተበደለች ሚስት ቤት ለቅጥር ቃለ መጠይቅ ትሄዳለች። ደራሲዋ እ.ኤ.አ. በ2023 እና በ2024 ሁለት ተከታይ መጻሕፍት ለመጻፍ የቻለችውም ለዚህ ይመስለኛል፤ በሁለተኛው ሚሊ አሁንም የሰው ቤት ሠራተኛ ናት፣ አሁንም እንዳትከፍተው የተነገራት አንድ የተዘጋ በር አለ።