ተተኪን አስቀድሞ ስለ ማሰናዳት

ድርጅት አለቃውን በሕመም ወይም በዕድሜ ሲያጣ ሥራው እንዳይታወክ ተተኪን አስቀድሞ ማሰናዳት ምን ያህል እንደሚበጅ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቂ ምስክር ነው፤ በዋና ሥራ አስፈጻሚው በአቶ ግርማ ዋቄ ዘመነ ሹመት በ2005 እ.ኤ.አ. የታዘዘውን ቦይንግ 787 በ2012 የተረከቡት ተተኪያቸው አቶ ተወልደ ገብረ ማርያም ነበሩና። ካህን ከቅስና በፊት በዲቁና እንደሚያገለግል፣ እርሳቸውም ከመሾማቸው አስቀድሞ በአቶ ግርማ ሥር የኦፕሬሽን ኃላፊ ሆነው የሠሩ በመሆናቸው፣ የአየር መንገዱን የ15 ዓመት ዕቅድ ከመንበሩ ጋር ወረሱት እንጂ አልሻሩትም። (የቀዳሚውን ዕቅድ መሻር ጀግንነት የሚመስለው ሹም ብዙ ነው፤ ኪሳራው በሂሳብ መዝገብ እስኪታይ ድረስ።) በ2022 በሕመም ሲሰናበቱ የተተኩት አቶ መስፍን ጣሰውም በዚያው ቤት ያደጉ፣ በቶጎዋ ሎሜ የአስካይ አየር መንገድን ይመሩ የነበሩ ናቸው፤ ከውጭ የሚመጣ ሹም የሚያስፈልግበት ጊዜ መኖሩን ባልክድም፣ እንዲህ ላለ ረጅም ሥራ የቤቱን ልጅ በሩቅ አገር ሾሞ መፈተን ይሻላል ባይ ነኝ።