ብቻውን የሚያድር አህያ የለም

ጠጋ በሉ፤ የምነግራችሁ በመግቢያው ሰሌዳ ላይ አልተጻፈም።

በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዴቨን፣ ከሲድመዝ ከተማ ወጣ ብሎ ባሕሩን ቁልቁል የሚመለከት ከፍታ ላይ የአህዮች መጦሪያ አለ። ስሙ «ዘ ዶንኪ ሳንክቹዋሪ» ነው፤ ዋናው ግቢ ስሌድ ሃውስ እርሻ ይባላል። መግቢያ አይከፈልበትም። ከለንደን ዋተርሉ ተነሥቶ ሆኒተን የሚያደርሰው ባቡር ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አጭር መንገድ በመኪና ነው። የእኛም ሰዎች ልጆቻቸውን አሳፍረው ይመጣሉ። እኔ በአጥሩ ውስጠኛ በኩል በረት እየጠረግሁ፣ ገለባ እየበተንሁ የቆየሁ ስለሆንሁ ጎብኚው ሳያየው የሚያልፈውን አውቃለሁ።

መጀመሪያ ስለ ልጆቹ። ልጅ አህያ ሲያይ ይሮጣል። አህያ ደግሞ የሚሮጥበትን ነገር ቆሞ ያጤናል፤ ካልጣመው ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል፤ ልጁም ያለቅሳል። ፈረስ ሲደነግጥ ይፈረጥጣል፣ አህያ ሲደነግጥ ግን ይቆማል። ሰው ይህን ግትርነት ይለዋል እንጂ አህያው እያሰበ ነው። ዘሩ ከሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ድንጋያማ በረሃ የመጣ ነው፤ የዱር ዘመዱ ዛሬም ቁጥሩ ተመናምኖ በአፋር በረሃ ይኖራል። እንዲያ ባለ አገር ላይ ሳያዩ መሮጥ እግር ያሰብራል። ስለዚህ ልጃችሁን ከአጥሩ አንድ እርምጃ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙት። እጁን ዝቅ ያድርግ፤ ፊት ለፊት አይፍጠጥ፤ ትንሽ ይጠብቅ። አህያው ራሱ ይመጣል። ሲመጣ አፍንጫውን ሳይሆን አንገቱንና ትከሻው ላይ ያለውን ሥፍራ ይከክለት። አህያ ከአፍንጫው ሥር ያለውንና በቀጥታ ከኋላው ያለውን ነገር አያይም፤ ድንገት ከዚያ የሚመጣ እጅ ያስደነግጠዋል። የታችኛው ከንፈሩ ላላ ብሎ ሲንጠለጠል ካያችሁ መታከኩን ወዶታል ማለት ነው።

ወቅቱንም ላንሾካሹክ። ሰው ሁሉ የሚመጣው በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ ነው። ያን ጊዜ ብዙዎቹ አህዮች ሜዳ ላይ ተበትነዋል፤ ርቀው የቆሙ ጆሮዎች አይታችሁ ትመለሳላችሁ። በብርዱና በዝናቡ ወራት ግን በረት ውስጥ ናቸው። የአህያ ጠጉር እንደ ፈረስ ጠጉር ውሃ አያሳልፍም ብላችሁ አትመኑት፤ ዝናብ እስከ ቆዳው ይዘልቃል፣ ሰኮናውም እርጥብ ሲጠጣ ይበሰብሳል። ስለዚህ ደረቅ መሬትና ጣሪያ ዓመቱን ሙሉ ያስፈልገዋል። ቦት ጫማና የዝናብ ካፖርት ይዛችሁ በኅዳር ወይም በየካቲት፣ በተለይ በሥራ ቀን ብትመጡ፣ ልጆቻችሁ ከአህዮቹ ጋር ትንፋሽ ለትንፋሽ ይገናኛሉ። ከእርሻው ወደ ዌስተን ማውዝ የባሕር ዳርቻ የሚወርድ የእግር መንገድም አለ። ውበቱ ልዩ ነው፤ መመለሻው ግን ዳገት ስለሆነ በሕፃን ጋሪ አትሞክሩት።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። እዚያ ግቢ የሚሠራው ሁሉ የተዘረጋው በአንድ ነገር ዙሪያ ነው፤ በጓደኝነት። አህያ መንጋ ውስጥ ቢኖርም አንድ የልቡን ወዳጅ ይመርጣል። እናትና ውርንጭላ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንድ ጋሪ የጎተቱ ሁለት ሽማግሌዎችም ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዳንዴም በቅሎና አህያ ናቸው። ወደ ግቢው ከመጓጓዛቸው በፊት ማን ከማን ጋር እንደሆነ ይጠየቃል፣ ይመዘገባል፣ አብረው ይጫናሉ። አንዱ ታሞ ሐኪም ቤት ሲገባ ጤነኛው አብሮት ሄዶ አጠገቡ ይቆማል። ቦታና አቅም ያለው ቤተሰብ አህያ ወስዶ ልንከባከብ ቢል አንድ አይሰጠውም፤ ሁልጊዜ ሁለት ነው።

አንዱ ሲሞት የሚደረገውን ጎብኚ አያይም። ሬሳው ወዲያው አይነሣም። በሕይወት ያለው ወዳጅ እዚያው ከሬሳው ጋር ይተዋል። ያሸተዋል፣ በአፍንጫው ይገፋዋል፣ አንዳንዱ ያናፋል፣ አንዳንዱ ዝም ብሎ ይቆማል። ከዚያ በራሱ ጊዜ ዘወር ብሎ ወደ ገለባው ይሄዳል። ሰዎቹ የሚጠብቁት ያን መሄዱን ነው። ይህ ለስሜት ብቻ የሚደረግ አይደለም። ወዳጁ በድንገት የጠፋበት አህያ ይፈልጋል፣ ይጣራል፣ መብላት ያቆማል። መብላት ሲያቆም በሰውነቱ የተከማቸው ስብ ወደ ደሙ ይለቀቃል፤ ጉበት አይችለውም፤ በሽታው ሲጠና የተቀዳው ደም ወተት የተቀላቀለበት ይመስላል። ሐኪሞች ሃይፐርሊፒሚያ ይሉታል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገድላል፤ ወፍራም አህያ ላይ ደግሞ ይከፋል። ሐዘን አህያን ይገድላል ቢባል ግነት የለበትም።

ሁለተኛው ምሥጢር ዝምታው ነው። አህያ ሕመሙን ይደብቃል። ፈረስ ሆዱን ሲያመው ይንከባለላል፣ ያልበዋል፣ ሆዱን ይረግጣል። አህያ ያንኑ ሕመም ተሸክሞ ጆሮውን ትንሽ ዝቅ ብቻ ያደርጋል። ይባስ ብሎ የሚበላ መስሎ ይታያል፤ አፉን ገለባው ውስጥ ይከትታል፣ መንጋጋውን ያንቀሳቅሳል፣ የሚውጠው ግን የለም። ስለዚህ በረት ውስጥ የሚሠራ ሰው ጠዋት ሲገባ አፍ የሚንቀሳቀስ መሆኑን ብቻ አያይም፤ ገለባው መጉደሉን ያያል፣ ፋንድያውን ይመለከታል፣ ማን ከማን ራቅ ብሎ እንደቆመ ያስተውላል። እዚያ ዝም ያለ አህያ እንደ ድንገተኛ በሽተኛ ይቆጠራል። እኔ ከዚያ ሁሉ ሥራ ከባዱ ይኸኛው ይመስለኛል፤ በጉልበት የሚሠራ አይደለምና።

ጎብኚዎች ደጋግመው የሚያዝኑበት አንድ ነገር አለ። ዙሪያው አረንጓዴ ሣር ነው፤ አህዮቹ ግን የገብስ ገለባ ሲያኝኩ ይገኛሉ፤ ሣሩ በኤሌክትሪክ ሽቦ ታጥሯል። «ምነው ሣር እያለ ገለባ?» ይላሉ። ለበረሃ የተፈጠረ ሆድ የዴቨንን ሣር አይችልም። ስኳሩ በዝቶ ያወፍረዋል፤ አንገቱ ላይ የሚከማቸው ስብ አንዴ ከወፈረ በኋላ ወደ አንድ ጎን ይጋደማል እንጂ በቀላሉ አይቀንስም፤ ሰኮናው ውስጥም ላሚናይተስ የሚባል ብርቱ ሕመም ይነሣል። ገለባው ግን ቀኑን ሙሉ ያኝከዋል፣ ሆዱን ይሞላል፣ አያወፍረውም። ለዚህ ነው ከኪስ የሚወጣ ዳቦና ካሮት የተከለከለው። ልጃችሁ በፍቅር የሚያቀብለው ቁራሽ ብቻውን ትንሽ ነው፤ የአንድ ቅዳሜ ጎብኚ ሁሉ እንዲሁ ሲያቀብል ግን አህያውን ያሳምመዋል።

ይህ ሁሉ የተጀመረው ከአንዲት አህያ ነው። ወይዘሮ ኤሊዛቤት ስቬንድሰን ዴቨን ውስጥ ሆቴል ያስተዳድሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ኖውቲ ፌስ የምትባል አህያ ገዙ። ከዚያ ኤክሰተር ገበያ ላይ ሰባት አህዮች አንዲት ጠባብ አጥር ውስጥ ታጭቀው አዩ፤ ሊያድኗቸውም አልቻሉም። ያ ያዩት ነገር አልለቀቃቸውም። በ1974 ደግሞ አንዲት ሌላ የአህያ ወዳጅ ሲያርፉ 204 አህዮች በኑዛዜ ተዉላቸው። እምቢ ማለት ይችሉ ነበር፤ ተቀበሉ። ሆቴሉን ትተው ቀሪ ዘመናቸውን ለዚህ ሰጡ፤ በ2011 አረፉ። የአካል ጉዳትና የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሕፃናት ከአህያ ጋር የሚውሉበትን ሥራ የጀመሩትም እሳቸው ናቸው። ሰው ፊት የማይናገር ልጅ አህያ ጆሮ ላይ ሲያወራ ያየ ሰው ለምን እንደጀመሩት አይጠይቅም።

ወጪውን ማን ይሸፍናል? ግቢው ውስጥ ስትዘዋወሩ አግዳሚ ወንበሮቹና ግድግዳዎቹ ላይ የሟቾች ስም የተጻፈባቸው ትናንሽ ሰሌዳዎች ታያላችሁ። ከሰሌዳዎቹ አንዳንዶቹን ቆም ብላችሁ አንብቡ። የድርጅቱ ገቢ ትልቁ ክፍል የሚመጣው ሰዎች በኑዛዜ ከሚተዉት ገንዘብ ነው። ገለባው የሚገዛው፣ ጥርስ የሚሞረደው፣ ሰኮና በየጥቂት ሳምንቱ የሚከረከመው አብዛኛው በሙታን ብር ነው።

አህዮቹ ከየት እንደመጡ ልጆች ይጠይቃሉ። አንዳንዱ ጌታው አርጅቶበት ነው፤ አንዳንዱ በጭቃ ውስጥ ሰኮናው እንደ ጫማ ተጠቅልሎ የተገኘ ነው፤ አንዳንዱ በባሕር ዳርቻ ልጆች ሲያንሸራሽር ኖሮ ጡረታ የወጣ ነው። ብላክፑል የምትባለው የባሕር ዳርቻ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1942 ለአህዮች የሥራ ደንብ አውጥታ የሥራ ሰዓታቸውን ወስና፣ የምሳ ዕረፍት ሰጥታ፣ ዓርብን ሙሉ አሳርፋቸዋለች። ይህን ስነግራቸው ከአገር ቤት የመጡ እናቶች ዝም ይላሉ። አንዲት እናት ሜዳውን ለረጅም ጊዜ ሲያዩ ቆይተው «ልጄ፣ ሥራቸው ምንድነው?» አሉኝ። «ምንም፣ እማማ፤ ጨርሰዋል፤ አሁን ያርፋሉ» አልኋቸው። «የእኔዋ እኮ ወፍጮ ቤት ደርሳ ስትመለስ ነው የሞተችው» አሉ።

ለዚህ ነው ይህን ቦታ ለእኛ ሰው አጥብቄ የምነግረው። ኢትዮጵያ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ አህያ ካላቸው አገሮች ግንባር ቀደሟ ናት። ውሃው፣ እህሉ፣ ጡቡ፣ ማገዶው የሚመጣው በእነሱ ጀርባ ነው። ይኸው ድርጅት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ጋር ቢሾፍቱ ላይ ለዓመታት አህያ ሲያክም ኖሯል። ያችው ቢሾፍቱ እ.ኤ.አ. በ2017 የአህያ ቄራ ተከፍቶባት የሕዝቡ ቁጣ በርትቶ ተዘግቶ ነበር። ቄራው የተፈለገው ለሥጋውም ለቆዳውም ነበር። የአህያ ቆዳ ቻይና ውስጥ ኤጂያኦ የሚባል መድኃኒት ይቀቀልበታል፤ ፍላጎቱ አድጎ የአፍሪካን አህያ ወደ ማመናመን ሲደርስ፣ በየካቲት 2024 የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አህያን ለቆዳው ማረድ በአህጉሩ እንዲታገድ ወስነዋል። ውሳኔው መልካም ነው። አህያዋን ግን ከገጣባ አያድናትም።

ገጣባውን የሚያመጣው ከክብደቱ ይልቅ አጫጫኑ ነው። እንጨት ወይም ጡብ በቀጥታ የጀርባ አጥንት ላይ ሲያርፍ፣ የናይለን መጫኛ ደግሞ ጭራ ሥርና ደረት ላይ ሲፈገፍግ ቆዳው ይላጣል፤ ነገ በቁስሉ ላይ ይጫናል። መፍትሔውን ሲድመዝ ያሉትም ቢሾፍቱ ያሉትም ሐኪሞች አንድ ዓይነት ይነግሯችኋል። ሁለት ጆንያ በገለባ ሙሉ፤ አንዱን ከግራ፣ አንዱን ከቀኝ አድርጋችሁ በመካከላቸው የጀርባ አጥንቱ የሚተነፍስበት ክፍተት ተዉ፤ ጭነቱ በጆንያዎቹ ላይ ይረፍ። መጫኛው ሰፋ ያለ ጨርቅ ይጠቅለልበት። ከመጫን በፊት ውሃ አጠጡ። ሲድመዝ ሄዳችሁ ልጃችሁ አህያ አቅፎ የተነሣውን ፎቶግራፍ ለአያቱ ስትልኩ ይህንንም አብራችሁ በስልክ ንገሯቸው። ቤት የምታሠሩ ካላችሁም ጡብ የሚያመጣላችሁን ባለ አህያ ጠይቁት፤ ጆንያ ከሌለው ግዙለት። ገለባው በየአውድማው አለ።