የመጀመሪያውን ማራቶን ለመሮጥ የሚያስፈልጉ ቅድመ ዝግጅቶችና የጤና ጥንቃቄዎች

ማራቶን 42.195 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የሩጫ ውድድር ነው። ይህ መረጃ በዲላ ከተማና በጌዴኦ ዞን ወረዳዎች የሚኖሩ፣ ርቀቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ለመሮጥ ያሰቡ ዜጎች ማወቅ የሚገባቸውን ያብራራል። የጀማሪ ሯጭ ዋና ግብ ፈጣን ሰዓት ማስመዝገብ ሳይሆን ርቀቱን በጤና ማጠናቀቅ ነው።

1. በቅድሚያ የጤና ምርመራ ያድርጉ

ልምምድ ከመጀመርዎ በፊት በአቅራቢያዎ በሚገኝ ጤና ጣቢያ የደም ግፊትዎንና የደም ስኳር መጠንዎን ይለኩ። የልብ ሕመም፣ አስም ወይም የስኳር ሕመም ካለብዎ፣ በእንቅስቃሴ ወቅት ራስዎን ስተው የሚያውቁ ከሆነ ወይም ከቤተሰብዎ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ ይህንኑ ለባለሙያው ያሳውቁ። አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ ለተጨማሪ የልብ ምርመራ ወደ ሆስፒታል ይላካሉ።

2. ልምምድዎን ቀስ በቀስ ያሳድጉ

5 ኪሎ ሜትር ሳያቋርጡ መሮጥ ለሚችል ሰው ከ16 እስከ 20 ሳምንታት የሚደርስ ዝግጅት ያስፈልጋል። በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን ይሩጡ፤ ከእነዚህ አንዱን ቀን ለረጅም ርቀት ይመድቡ። ረጅሙን ሩጫ በየሳምንቱ በጥቂቱ እየጨመሩ ከ28 እስከ 32 ኪሎ ሜትር ያድርሱ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንታት ልምምዱን ቀንሰው ሰውነትዎን ያሳርፉ። ከማራቶን አስቀድሞ በግማሽ ማራቶን ራስን መፈተን ይመከራል፤ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በሐዋሳ ከተማ ሲያዘጋጀው የቆየው ውድድር ለዞኑ ነዋሪዎች ቅርብ ነው።

በቡና ለቀማ ወራት የሚሠራው የጉልበት ሥራ ራሱን የቻለ ጫና በመሆኑ፣ በእነዚህ ቀናት የሩጫውን መጠን ይቀንሱ።

3. የልምምድ ቦታ ይምረጡ

በዲላ፣ በወናጎና በይርጋጨፌ የሚያልፈው የአዲስ አበባ–ሞያሌ አውራ ጎዳና ከባድ ተሽከርካሪዎች የሚበዙበት ነው። በተቻለ መጠን በውስጥ ለውስጥ መንገዶች ይሩጡ፤ አስፋልት ዳር መሮጥ ግድ ከሆነ ተሽከርካሪ ከፊት ለፊትዎ በሚመጣበት በኩል ይሁኑ። ወደ ደጋማው ቡሌ የሚወስዱ ዳገቶችን በልምምድዎ መጀመሪያ ላይ አይድፈሩ።

4. አመጋገብና ፈሳሽ

ቆጮና ቡላ ኃይል ሰጪ ምግቦች ናቸው፤ ይሁን እንጂ የፕሮቲን ይዘታቸው አነስተኛ ስለሆነ ከባቄላ፣ ከአተር፣ ከወተት ወይም ከእንቁላል ጋር ይመገቧቸው። በጡንቻ ውስጥ የተከማቸው ስኳር ብዙውን ጊዜ ወደ 30ኛው ኪሎ ሜትር ሲቃረቡ ስለሚመናመን፣ በሩጫው ወቅት በየሰዓቱ እንደ ሙዝ ያለ ምግብ ይውሰዱ። ውሃ ሲጠማዎ ይጠጡ፤ ከመጠን ያለፈ ውሃ በደም ውስጥ ያለውን የጨው መጠን በማውረድ ለሕይወት አስጊ ሊሆን ይችላል። ሕመምን ለመከላከል ብለው ከሩጫ በፊት እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችን አይውሰዱ፤ ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ።

5. በውድድር ዕለት

በልምምድ ያልሞከሩትን ጫማ፣ ልብስ ወይም ምግብ አይጠቀሙ። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮም ኦሊምፒክ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው አስቀድሞ በባዶ እግሩ ተለማምዶ ስለነበረ ነው። የመጀመሪያዎቹን 10 ኪሎ ሜትሮች ከሰው ጋር እየተነጋገሩ ሊሮጡ በሚችሉበት ፍጥነት ይሂዱ።

የሚከተሉት ምልክቶች ከታዩብዎ ወዲያውኑ ሩጫዎን አቁመው የሕክምና እርዳታ ይጠይቁ፦

• የደረት ሕመም ወይም ያልተለመደ የልብ ምት፤
• ራስ ማዞር፣ ግራ መጋባት ወይም መንገዳገድ፤
• በሙቀት ውስጥ እያሉ ብርድ ብርድ ማለት፤
• ተደጋጋሚ ትውከት ወይም ከፍተኛ ራስ ምታት።

ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ካለብዎ በዕለቱ ከመሮጥ ይቆጠቡ። ለወራት የደከሙበትን ውድድር መተው ከባድ ቢሆንም፣ ጤናዎን ጠብቀው በሌላ ጊዜ መሮጥ ይችላሉ። ለተጨማሪ ምክር በቀበሌዎ የሚገኘውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም በአቅራቢያዎ ያለውን የጤና ተቋም ያነጋግሩ።