የሌሊት ሥራዎችና መዝገባቸው

ኮምፒዩተር ቀን ቀን የሰውን ትእዛዝ እየተቀበለ ይሠራል፤ ሌሊት ደግሞ ሰው በተኛበት ሰዓት ብቻውን የሚያከናውናቸው ሥራዎች አሉት። የዕለቱን ሽያጭ መደመርና የሠራተኞችን ደመወዝ ማስላት ከእነዚህ ይቈጠራሉ። ተጠራቅመው በአንድነት፣ አስቀድሞ በተወሰነላቸው ሰዓት ስለሚሠሩ የጥቅል ሥራዎች ይባላሉ። አንዱ የሌላውን ውጤት ተቀብሎ ስለሚቀጥልም እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው።

ይህን ሰንሰለት የሚቈጣጠር ሰው ስለ እያንዳንዱ ሥራ የሚናገር መረጃ ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለው መረጃ ሜታዳታ ይባላል፤ በሁለትም ይከፈላል። የመጀመሪያው የታቀደውን ይገልጻል፤ ይኸውም የሥራው ስም፣ የሚጀምርበት ሰዓት፣ ከእርሱ በፊት ማለቅ ያለበት ሥራና የኀላፊው ማንነት ነው። ሁለተኛው የተፈጸመውን ይገልጻል፤ ይኸውም ሥራው የጀመረበትና ያበቃበት ሰዓት፣ እንዲሁም የውጤቱ ምልክት ነው። ዩኒክስ በሚባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት 0 መሳካትን፣ ሌላ ቊጥር ግን መሰናከልን ያመለክታል። በዚሁ ሥርዓት የታቀደው ጊዜ የሚገኘው ክሮንታብ በተባለ ሰሌዳ ላይ ነው። ሰሌዳው ደቂቃን፣ ሰዓትን፣ የወሩን ቀን፣ ወርንና የሳምንቱን ቀን በ5 ዓምዶች ይይዛል። ይሁን እንጂ ሰዓቱ ሲደርስ ሥራውን ያስጀምራል እንጂ የቀደመው ሥራ ማለቁን አይጠይቅም።

የመዝገቡን ጥቅም ለመረዳት ሞያሌን እንመልከት። ሞያሌ በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ቡቲዬም በኬንያ በኩል ካሉት የሞያሌ አካባቢዎች አንዷ ናት። አንድ የንግድ ድርጅት በኢትዮጵያ በኩል ዋና መሥሪያ ቤት፣ በቡቲዬ ደግሞ ቅርንጫፍ አለው እንበል። ቅርንጫፉ የዕለቱን ሽያጭ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንዲልክ፣ ዋናው መሥሪያ ቤትም ከሌሊቱ 9 ሰዓት እንዲደምር ታቀደ። ነገር ግን በዕቅዱ ላይ የተጻፈው «8፡00» የሚል ብቻ ነበር።

የሁለቱ አገሮች ሰዓት በእውነቱ አንድ ነው፤ ልዩነቱ በአቈጣጠር ነው። በኢትዮጵያ ሰዓት ከንጋት ይቈጠራል። በስዋሂሊ ሲነገርም እንዲሁ ነው፤ በኬንያ መሥሪያ ቤቶች ጽሑፍ ግን ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል። ስለዚህ የቡቲዬው ሠራተኛ «8፡00» የሚለውን ጠዋት ብሎ ተረዳው፤ ይህም በኢትዮጵያ አቈጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ሽያጩም 6 ሰዓት ዘግይቶ ተላከ። የዋናው መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር በሰዓቱ ተነሥቶ ያገኘውን ብቻ ደመረ። የውጤቱ ምልክት 0 ሲሆን ድምሩ ግን የተሳሳተ ነበር።

ስሕተቱን የሚፈልግ ሰው ከመጨረሻው ሥራ ተነሥቶ ወደ ኋላ ይሄዳል። ድምሩ የትኛውን ሥራ ይጠብቅ እንደ ነበር ይጠይቃል፤ የዚያን ሥራ የፍጻሜ ሰዓት ከድምሩ መነሻ ሰዓት ጋር ያስተያያል። ሽያጩ ድምሩ ካለቀ በኋላ መድረሱን ሲያይ ምክንያቱ ይገለጥለታል። ከዚያም ወደ ፊት በመሄድ በስሕተቱ ድምር የተሠሩትን ሌሎች ሒሳቦች ለይቶ ያሳርማል።

የቀን አጻጻፍም ጥንቃቄ ይሻል። የኢትዮጵያ ዓመት 30 ቀን ያላቸው 12 ወሮችና 5 ወይም 6 ቀን ያላት ጳጉሜን አሉት፤ በኬንያ የሚሠራበት የጎርጎርዮስ ወር ግን ከ28 እስከ 31 ቀን ይደርሳል። እንግዲህ «በወሩ መጨረሻ» የሚል ዕቅድ የየትኛው ወር እንደ ሆነ ካልገለጸ ሁለት ሰዎችን ወደ ሁለት ቀን ይመራል።

ከዚህ የምንረዳው ኮምፒዩተር የታዘዘውን እንደሚፈጽም፣ የታሰበውን ግን እንደማያውቅ ነው። የታሰበውን የሚጠብቀው ሰዓቱን፣ አቈጣጠሩንና የሥራውን ቅደም ተከተል አሟልቶ የያዘ መዝገብ ነው። መዝገቡም የሚጠቅመው በየጊዜው ሲነበብና ከተፈጸመው ጋር ሲመሳከር ነው።